የተጎዳ የቤተሰብ ፎቶ ለማደስ፦ ስልክ፣ ኮምፒውተር ወይስ ፎቶ ቤት?

ጎጃም ውስጥ የቆየ ፎቶ ጠላቱ ብዙ ነው። የማጀት ጭስ አለ፤ የኩራዝ ጥቀርሻ አለ። ክረምት ላይ ቆርቆሮው ያፈሳል። ምስጥ ፍሬሙን ጨርሶ ወደ ወረቀቱ ይገባል። ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ደግሞ እርጥበቱ ፎቶውን ከፍሬሙ መስታወት ጋር ያጣብቀዋል። ግድግዳ ላይ ያልተሰቀለውም አልዳነም። ዳዊት ውስጥ ወይም ኪስ ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ኖሮ መሃሉ ተሰንጥቋል።

ማደሻው መንገድም በዝቷል። ስልክ ላይ «በአንድ ንክኪ አዲስ አደርገዋለሁ» የሚል አፕ ሞልቷል። ፎቶ ቤቱ «አጠራዋለሁ፣ ነገ ና» ይላል። ኮምፒውተር የሚነካካ የአክስት ልጅም አይጠፋም። የቱ ይሻላል ሲሉኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዋጋም ስለ አፕም አይደለም። ጉዳቱ ፊት ላይ ደርሷል ወይ? እሱን ነው የምጠይቀው። ካልደረሰ ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ይበቃል። ከደረሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ፈጣኑ መንገድ አያታችሁን በሌላ ሰው ይቀይራቸዋል።

መጀመሪያ ቅጂው

ከማደስ በፊት መቅዳት አለ። ቅጂው ደካማ ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ውሃ በበዛበት ሽሮ ላይ ቅመም መነስነስ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ይዘለዋል። ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በስልክ ቀጭ ያደርጋል፤ በቴሌግራም ይልካል፤ «አስተካክልልኝ» ይላል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ይቀንሳል። «ፋይል» ብላችሁ ከላካችሁት ግን እንዳለ ይደርሳል። ይህቺን አንዲት ልማድ መቀየር ብቻ ብዙ ፎቶ ያድናል።

ስካነር ወይስ ስልክ? ከፍሬም የወጣ፣ ያልተጠቀለለ፣ ለስላሳ ወረቀት ላይ ያለ ፎቶ ከሆነ ስካነር ያሸንፋል። ብርሃኑ እኩል ነው፤ ጥላ የለም፤ ፎቶው አይጣመምም። ለዚህ ብላችሁ ስካነር መግዛት የለባችሁም። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያለው፣ የሚያትመውም የሚቀዳውም አንድ ማሽን ይበቃል። ጣጣው ማሽኑ ላይ ሳይሆን አጠቃቀሙ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ቀኑን ሙሉ የሚያነሱት ሰነድ ስለሆነ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ለሰነድ እንደተስተካከለ ነው። ለደብዳቤና ለትምህርት ማስረጃ ያ ጥሩ ነው። ለፎቶ ግን አይበቃም።

ዲፒአይ የሚሉት ቁጥር አለ። ማሽኑ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነበው የነጥብ ብዛት ነው። የተለመደውን 9 በ13 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በ600 ብታስነሱት 2,100 በ3,000 ፒክስል ገደማ ይወጣል። ይህ ፎቶውን እጥፍ አድርጎ ለማሳተም ይበቃል። 3 በ4 የሆነ ጉርድ ፎቶ ግን በ300 ከተነሳ 350 በ470 ገደማ ብቻ ነው፤ ምንም አይሠራበትም። በ1200 ሲሆን 1,400 በ1,900 ገደማ ይደርሳል። ፎቶው ባነሰ ቁጥር ቁጥሩን ማሳደግ ነው። ከ1200 በላይ መሄድ ግን ፋይሉን ከማክበድ በቀር ብዙ ጥቅም የለውም። ወረቀቱ ራሱ ከዚያ የበለጠ ዝርዝር አልያዘም።

ሌላው ነገር፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ስካኑ በቀለም ይሁን። ስካን የሚያደርገው ልጅ «ጥቁርና ነጭ ነው እኮ፣ ምን ያደርግልሃል?» ይላችኋል። አትስሙት። ምክንያቱ ማኅተም ጋ ስንደርስ ይገባችኋል። ፒዲኤፍ አድርጎ ከሰጣችሁም መልሱለት፤ ቲፍ ወይም ከፍተኛ ጥራት ያለው ጄፔግ ይሁን።

ስልክ ስካነርን የሚያሸንፍበት ጊዜም አለ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ለመላጥ አትሞክሩ። ሥዕሉ ያለበት ስስ ሽፋን መስታወቱ ላይ ቀርቶ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው እጃችሁ ላይ የሚቀረው። እንዲህ ያለውን ከነመስታወቱ ስካነር ላይ ማስቀመጥም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ርካሾቹ ስካነሮች ጥርት አድርገው የሚያዩት መስታወታቸውን የነካውን ብቻ ነው። ትንሽ ከፍ ካለ ይደበዝዛል። እዚህ ጋ ስልክ ይሻላል። ወረቀቱ ሸካራ የሆነ ወይም ጥቁሩ ቦታ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ፎቶም እንዲሁ ነው። የስካነሩ መብራት ያን ብልጭታ ያጎላዋል። በስልክ ሲሆን ብርሃኑን ከጎን አምጥቶ ማምለጥ ይቻላል።

አነሳሱ ቀላል ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ፍላሹን አጥፍቶ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ ማንሳት። በጣም አትጠጉ። ራቅ ብላችሁ 2 እጥፍ ዙም አድርጉ፤ ቅርብ ስትሆኑ ጠርዙ ይጣመማል፤ የራሳችሁ ጥላም ይወድቅበታል። መስታወት ካለው ከስልኩ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ የሚይዝ ሰው ይቁም፤ ነጸብራቁ ይጠፋል። የጉግል ፎቶስካን የሚባለው አፕም አንዱን ፎቶ ከተለያየ ቦታ ደጋግሞ አንስቶ ነጸብራቁን ያወጣዋል።

ደግሞ እባካችሁ ፎቶውን በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት። ሥዕሉን የያዘው ሽፋን በውሃ የሚላላ ጄላቲን ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። የተቀደደውንም ከፊት በፕላስተር አታጣብቁት። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ እሱን ማንሳት ከቅዳዱ በላይ ያስቸግራል።

ፊት ያልነካ ጉዳት

እዚህ ጋ ምርጫው ቀላል ነው። አቧራ፣ ጭረት፣ ግድግዳው ወይም ልብሱ ላይ ያረፈ የእጥፋት መስመር፣ የማዕዘን ቅዳድ፣ ይህ ሁሉ በነጻ ይሠራል።

ስልክ ብቻ ካላችሁ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ይበቃችኋል። ነጻ ነው። ያለ ኔት ይሠራል፤ እኛ ጋ ኔት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ሂሊንግ» የሚለውን ይዞ ጭረቱን በጣት መነካካት ነው። ትልቅ ቦታ ላይ ግን ይዘበራርቃል።

ኮምፒውተር ካለ ጊምፕ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አለ። እሱም ነጻ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኔት አይፈልግም። ለመልመድ ጥቂት ምሽቶች ይወስዳል፤ ግን መሣሪያው ሙሉ ነው። ፎቶሾፕ የበለጠ ምቹ ነው፤ ክፍያው ግን በየወሩ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ይፈልጋል። ፎቶ ቤቱ ያለው የቆየ ፎቶሾፕ ነው ብላችሁ አትናቁት። ጭረት የሚያነሳው ሂሊንግ ብራሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው ፎቶሾፕ 7 ጀምሮ አለ። እጁ የሰላ ሰው ካገኘ የድሮው ይበቃል።

ቢጫ የሆነና የደበዘዘ ፎቶም እዚሁ ይመደባል። ጥቁርና ነጩ ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚቀላው ወይም የሚቢጨው ሲታጠብ የነበረው ኬሚካል በደንብ ሳይወጣ ቀርቶ ነው። የቀለም ፎቶ ደግሞ ቀይ ቀይ የሚለው ከሦስቱ ማቅለሚያዎች ሰማያዊ ዘመሙ ቀድሞ ስለሚሞት ነው። ሥዕሉ አልጠፋም፤ ሚዛኑ ነው የተዛባው። ጊምፕ ወይም ፎቶሾፕ ላይ «ሌቭልስ» የሚባለውን ከፍቶ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ማስተካከል ነው። ውጤቱ ያስደነግጣል። ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ተከራከሩ።

ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ፎቶ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት እኛ ጋ ስለሚበዛ ነው። ብዙ የገጠር ሰው በሕይወቱ የተነሳው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። ሲሞትም ቤተሰቡ የሚያገኘው እሱን ነው። የቀበሌው ማኅተም ደግሞ አገጩን ወይም ጉንጩን አቋርጦ ያልፋል።

አፕ ላይ ብትጭኑት ማኅተሙን ከፊት መለየት ያቅተዋል። ወይ ጠባሳ ያስመስለዋል፤ ወይ አገጩን አዲስ ይሠራዋል። መላው ግን ቀላል ነው። በቀለም የተነሳ ስካን ውስጥ ሦስት ቻናሎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የአንድን ቀለም ብርሃን ብቻ የያዙ ንጣፎች፣ አሉ፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ማኅተሙ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ሰማያዊው ቻናል ውስጥ ይነጣል፤ አንዳንዴ ጨርሶ አይታይም ማለት ይቻላል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ያን አንዱን ቻናል ብቻ መውሰድ ይቻላል። ፊቱ ከነዝርዝሩ ሥሩ አለ። የቀረውን ጥላ በእጅ ማጽዳት ነው።

የሻይ ወይም የውሃ ቢጫ እድፍ ሲሆን ግልባጩን አድርጉ። ቢጫ ሰማያዊው ቻናል ላይ ይጠቁራል፤ ቀዩ ላይ ይጠፋል። በጥቁርና ነጭ ስካን የተደረገ ፎቶ ግን ሦስቱም አንድ ስለሆኑ ይህ ሁሉ መንገድ ይዘጋል። ስካኑ በቀለም ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ጊምፕም ፎቶሾፕም ይዞ ይሠራዋል። ፎቶ ቤት ስትሄዱ «ማኅተሙን በምን ታወጣዋለህ?» በሉት። «በቻናል» ካለ ስጡት። «በአፕ» ካለ ስካኑን ብቻ አስነስታችሁ ውጡ።

ጉዳቱ ፊት ላይ ሲደርስ

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ፊቱ የደበዘዘ፣ የተሰነጠቀ ወይም ግማሹ የጠፋ ከሆነ ሁሉም የሚሮጠው ሬሚኒ ወደሚባለው ፊት አጥሪ አፕና ወደ መሰሎቹ ነው። ወይም ቻትጂፒቲና ጀሚኒ የሚባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ፕሮግራሞች ላይ ጭኖ «ይህን አድስልኝ» ይላል። ውጤቱ ያምራል። ዓይኑ ይጠራል፤ ቆዳው ይለሰልሳል። ክፋቱም ማማሩ ላይ ነው፤ ካማረ ማንም አይመረምረውም።

እነዚህ ነገሮች የጠፋውን አያገኙም። የሌለ ነገር ከየት ይገኛል? ከዚህ በፊት ካዩዋቸው ብዙ ፊቶች ተነስተው ሊሆን የሚችለውን ይስላሉ። ጂኤፍፒጋን እና ኮድፎርመር የሚባሉት ታዋቂ የፊት ማደሻዎች የተማሩት ኤፍኤፍኤችኪው በሚባል ስብስብ ላይ ነው። ፍሊከር ከሚባለው ድረ ገጽ የተለቀመ 70,000 የፊት ፎቶ ነው። በሹሩባ የተሠሩ የሞጣ ወይም የቢቸና እናት ፊት እዚያ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኝ ገምቱት። እ.ኤ.አ. በ2020 ፐልስ የሚባል ፕሮግራም የደበዘዘ የባራክ ኦባማን ፎቶ ተሰጥቶት ነጭ ሰውዬ አድርጎ አወጣው። ነገሩ ብዙ አነጋገረ። ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ሥራቸው ግን ያው መገመት ነው።

የእኛ ፎቶዎች ላይ ግምቱ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ተለይተው ይታወቃሉ። ማተብ አንዱ ነው። አንገት ላይ ያለች ቀጭን ጥቁር መስመር ለማሽኑ ጭረት ነች፤ ያጠፋታል። የአንገትና የአገጭ ንቅሳት እድፍ ይመስለዋል። ግንባር ላይ ያለ የመስቀል ንቅሳትም እንደዚሁ። ሹሩባው ተፈትቶ ለስላሳ ጠጉር ይሆናል። የነጠላው ጥለት ይድበሰበሳል። የሽማግሌው ፊት ላይ ያለው ጠባሳ፣ ሰው ሁሉ እሱን የሚያውቅበት ጠባሳ፣ ይሞላል። ቻትጂፒቲና ጀሚኒ ደግሞ ፊቱን ብቻ አይነኩም፤ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ሊስሉት ይችላሉ። ከኋላ ታፔላ ካለ ፊደሉን አጉልታችሁ እዩት። የአማርኛ ፊደል የሚመስል፣ የማይነበብ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፊደሉን እንዲህ ካደረገው ፊቱንም ምን እንዳደረገው ከዚያ መገመት ነው።

ስለዚህ መመርመሪያው ምንድን ነው? ፎቶው ላይ ያለችውን፣ አያታችሁ ናት እንበል፣ በአካል የሚያውቅ አንድ የቤቱን ትልቅ ሰው ፈልጉ። የታደሰውን ፎቶ ብቻ አሳዩ። ማን እንደሆነች አትንገሩ። «ይቺ ማን ናት?» ብላችሁ ዝም በሉ። ወዲያው ስሟን ከጠሩ ጥሩ ነው። «እሷን ትመስላለች» ወይም «የሷ እህት ናት እንዴ?» ካሉ ሥራው ወድቋል። ጥራቱን የሚያደንቁት ወጣቶቹ ናቸው፤ ፊቱን የሚያውቁት ግን እናትና አክስት ናቸው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ፊቱ ደብዝዞ ግን ሙሉ ከሆነ እንዳለ ተዉት ባይ ነኝ። ብርሃኑን አስተካክሉ፤ ጭረቱን አንሱ፤ ድብዝዝነቱን ግን ተውት። የግድ አፕ መጠቀም ካለባችሁ አንድ መሃል መንገድ አለ። የአፑን ውጤት ከዋናው ስካን ላይ መደረብና የላይኛውን አሳስቶ ዋናው እንዲያስተላልፍ ማድረግ ነው። ጊምፕ ላይ «ኦፓሲቲ» የሚለው ነው። ጥራቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ፊቱ ግን የራሷ እንደሆነ ይቆያል።

ስንጥቁ ዓይን ወይም አፍ ላይ ካለፈ በእጅ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። የእጅ ሥራ የሚሸፍነው የተሰነጠቀችውን መስመር ብቻ ነው። ግራና ቀኝ ያለውን አይነካም። ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋውም ከአፑ ይበልጣል። የቤተሰባችሁ ብቸኛ ፎቶ ከሆነ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ግማሽ ፊት ጨርሶ ከጠፋስ? ከማደስ በፊት ሌላ ቅጂ ፈልጉ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ድሮ ፎቶ አንዱ ታጥቦ ለብዙ ሰው ነበር የሚታደለው። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎ ለጓደኛ ይሰጣል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወጡ ተማሪዎች አብረው የተነሱትን እየተከፋፈሉ ነው የተለያዩት። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ወይም የደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት የክፍል ፎቶ ከሆነም ያው ፎቶ ከብዙ ሰው አልበም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለአንድ የአባታችሁ የዘመቻ ጓደኛ ስልክ መደወል ከየትኛውም አፕ ይበልጣል። ያው ፎቶ ባይገኝ እንኳ በሌላ ቀን የተነሳ የዚያው ሰው ፎቶ ከተገኘ በእጅ የሚሠራው ሰው የጎደለውን ከእሱ ይወስዳል።

ያም ከጠፋ፣ አንዳንድ ኤዲተሮች የልጅየውን ፊት ወስደው የአባትየውን ይሞላሉ። «ይመሳሰላሉ» ነው ምክንያቱ። ቤተሰቡ ሁሉ አውቆ ከተስማማ ይሁን። እኔ ግን የጎደለው ጎድሎ ቢታተም እመርጣለሁ።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ

ጎጃም ውስጥ ያሉ ፎቶ ቤቶች ሥራቸው ይለያያል። ከተማው ትልቅ ስለሆነ ፎቶ ቤቱ ይሻላል ማለት አይደለም። ቡሬ ወይም ዳንግላ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ታገኛላችሁ፤ ባሕር ዳር መሃል ከተማ ላይ በሬሚኒ አሳልፎ የሚያስከፍልም ታገኛላችሁ። አፑን እናንተም ስልካችሁ ላይ መጫን ስለምትችሉ ለዚያ መክፈል ሞኝነት ነው።

ፎቶውን ፊታችሁ ስካን ያድርገው፤ ዋናውን ይዛችሁ ተመለሱ። ፎቶ ቤት ያደረ ፎቶ ይጠፋል፤ ይለዋወጣል። ከዚህ በፊት የሠራውን፣ ከመታደሱ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያሳያችሁ። ፊቱን አጉልታችሁ እዩ። ከመታተሙ በፊት ማየት እንደምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ሶፍት ኮፒውም ዋጋው ውስጥ ይግባ። ሁለት ፋይል ተቀበሉ፤ ምንም ያልተነካውን ስካንና የታደሰውን። ልጃችሁ የዛሬ 15 ዓመት የተሻለ መሣሪያ ሲያገኝ የሚጀምረው ካልተነካው ነው።

ሱፍ ማልበስና ጀርባውን መቀየር የፎቶ ቤቶች ተወዳጅ ሥራ ነው። ጋቢ የለበሱት አባት በክራባት ይወጣሉ፤ ከኋላቸው ፏፏቴ ይገባል። አብረው ተነስተው የማያውቁ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቤተሰቡን ደስ ካለው እኔ ምን አገባኝ። ግን እሱ ሌላ ሥራ ነው፤ ፎቶ ማደስ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ዋጋና በአንድ ፋይል አታስሠሩ።

ቀለም መቀባት

ጥቁርና ነጩን ባለ ቀለም የሚያደርጉ አፖች በሽ ናቸው። ማይሄሪቴጅ የሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2020 ካመጣው ወዲህ ተለምዷል። በዓመቱ ደግሞ ፊቱን የሚያንቀሳቅሰውን አመጣ፤ የሞተ ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። እሱን ለእናታችሁ ከማሳየታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

ቀለሙ ግምት ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዳንድ የጥንት ፊልም ጭራሽ ቀይን እንደ ጥቁር ነበር የሚያየው። የጎጃም ገበሬ የሚታወቅበትን አረንጓዴ ኮትና ቁምጣ አፑ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቢያደርገው አይግረማችሁ፤ አያውቀውማ። የጥለቱንም ቀለም አያውቅም። ከቀባችሁ አይቀር በእጅ በሚሠራ ሰው፣ የልብሱን ቀለም የሚያስታውስ ዘመድ ጠይቃችሁ ይሁን። ድሮ ፎቶ አንሺው ራሱ በብሩሽ ቀለም የነካው ፎቶ ካላችሁ ደግሞ ያን ቀለም አታጥፉት፤ እሱም የፎቶው አካል ነው።

ለለቅሶ ሲሆን

ጊዜ የሌለበት ሁኔታ ይህ ነው። ሰው ዛሬ ያርፋል፤ ነገ ቀብር ነው፤ ፎቶው ተይዞ ይለቀሳል። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። ፎቶ ቤቱም ለማስፋት ብሎ አፕ ውስጥ ይከተዋል።

አያስፈልግም። በ1200 ዲፒአይ የተነሳ ጉርድ ፎቶ ኤ3 ወረቀት ላይ ሲታተም በአንድ ኢንች 115 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። እጅ ላይ ይዘው ለሚያዩት ፎቶ 300 ይባላል፤ ከሁለት ሜትር ለሚታይ ግን 115 ይበቃል። ባነር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይኬዳል፤ የሚታየው ከሩቅ ነውና። ትንሽ ቢደበዝዝ የሚከፋው የለም። አልቃሽ ፊት ለፊት የማይመስል ፊት ይዞ መቆም ግን ይከፋል። ስካን፣ ብርሃን ማስተካከል፣ ማኅተሙን ማውጣት፣ ማተም፤ የሚያውቅ ሰው ይህን በአጭር ሰዓት ይጨርሰዋል።

ጥንቃቄ ያለበትን ሥራ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ አቆዩት። ያን ጊዜ ዘመድ ሁሉ ስለሚሰበሰብ ሌላ ቅጂ ያለው ሰውም ይገኛል፤ ልክ ነው አይደለም የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ።

ዋናውን ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉት። ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ጋር ይዋሃዳል፤ መልሶ ማውጣት የለም፤ ስካን ሲደረግም ያብለጨልጫል። ላሚኔት የሚደረገው አዲሱ ኅትመት ነው። ዋናው በንጹሕ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ከማጀትም ከቆርቆሮውም የራቀ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ከፖስታው ላይ ጻፉ። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወደ ፊት ይወጣል።